ካርቦን ዳይኦክሳይድን በመጠቀም ካረጁ የነዳጅ መስኮች ተጨማሪ ዘይት ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከመሠረታዊው ተነሥተው ወደሚያከራክረው የሚሄዱ ሲሆን፣ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዘዴው በአጭሩ ምንድን ነው?

ለብዙ ዓመታት ሲመረትበት ቆይቶ ምርቱ በቀነሰ የነዳጅ መስክ ላይ፣ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተመረጡ ጉድጓዶች በኩል ዘይቱን ወደያዘው ዓለት እንዲገባ ይደረጋል። ጋዙ በዓለቱ ውስጥ እየተጓዘ ከቀረው ዘይት ጋር ይዋሐዳል፤ ዘይቱንም አቅጥኖና አሳብጦ ወደ ማምረቻ ጉድጓዶቹ ይገፋዋል። ከዘይቱ ጋር አብሮ የወጣው ጋዝ ተለይቶ፣ እርጥበቱ ተወግዶና እንደገና ታምቆ ወደ መሬት ይመለሳል።

በነዳጅ ሥራ ሦስት የምርት ደረጃዎች ይታወቃሉ። በመጀመሪያው ዘይቱ በከርሰ ምድሩ በራሱ ግፊትና በፓምፕ ይወጣል። በሁለተኛው ውሃ፣ አንዳንዴም ጋዝ፣ እየገባ የወረደውን ግፊት ይጠግናል፤ ዘይቱንም ይገፋል። ሦስተኛው ግን ከመግፋት አልፎ የዘይቱን ጠባይ በሙቀት፣ በኬሚካል ወይም ከዘይቱ ጋር በሚዋሐድ ጋዝ ይለውጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማስገባት የሚመደበው በዚህ በሦስተኛው ነው።

መስኩ አረጀ ማለት ዘይቱ አልቋል ማለት አይደለም?

አይደለም። ዘይት ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ አይገኝም፤ በአሸዋ ድንጋይ ወይም በኖራ ድንጋይ ውስጥ ባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ተይዞ ይኖራል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በሚሰጠው ግምት መሠረት፣ በመጀመሪያው ደረጃ የሚወጣው በቦታው ከነበረው ዘይት 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ ውሃ ከገባ በኋላ ድምሩ ከ20 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ያለቀ» የሚባለው መስክ ከነበረው ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን እንደያዘ ነው።

ይህ ዘይት የሚቀርበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት በኋላ ለሚመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ይጠቅማል። አንደኛው፣ ውሃ ባለፈበት መንገድ ላይ እንኳ ጠብታዎች በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተለጥፈው ይቀራሉ፤ ውሃና ዘይት ስለማይዋሐዱ በመካከላቸው ያለው የገጽ ውጥረት ጠብታውን እንዳይንቀሳቀስ ይይዘዋል። ሁለተኛው፣ ውሃው በቀላሉ የሚያሳልፈውን የዓለት ንብርብር መርጦ ሲሄድ፣ ጠጣር የሆነውን ንብርብር ሳይነካ ያልፈዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመጀመሪያው ችግር እጅግ ብርቱ መፍትሔ ነው። ሁለተኛውን ግን ካልተጠነቀቁለት ያባብሰዋል።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዘይቱን የሚያስለቅቀው እንዴት ነው?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅና ከ73.8 ባር በላይ ሲታመቅ፣ ጋዝም ፈሳሽም ሊባል የማይችል ልዩ ጠባይ ይይዛል፦ እፍጋቱ ወደ ፈሳሽ ይጠጋል፣ እንደ ጋዝ ግን በቀላሉ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ከ800 ሜትር ገደማ በታች ባለ ጥልቀት የመሬቱ ሙቀትና ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁኔታ ያሟላሉ። እንዲህ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ዘይቱ ሲገባ ዘይቱ ያብጣል፤ ያበጠው ዘይት ደግሞ የነበረበት ቀዳዳ ስለሚጠበው የተወሰነው ክፍል ወጥቶ መንቀሳቀስ ይጀምራል። በዚያው ጊዜ የዘይቱ ዝልግልግነት ይቀንሳል፣ ፍሰቱም ይቀልላል።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ግፊቱ ከዚህም ሲጨምር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለል ያሉትንና መካከለኛ ክብደት ያላቸውን የዘይት ክፍሎች እየሳበ ወደ ራሱ ይወስዳል፣ እርሱም በተራው ወደ ዘይቱ ይሟሟል። ይህ ልውውጥ በአንድ ንክኪ የሚያልቅ አይደለም፤ የጋዙ ግንባር ወደፊት እየተጓዘ አዲስ ዘይት ባገኘ ቁጥር እየበለጸገ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በጋዙና በዘይቱ መካከል ያለው ድንበር ይጠፋል። ድንበሩ ሲጠፋ ጠብታውን ይዞት የነበረው የገጽ ውጥረትም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ጋዙ በደረሰበት ዓለት ውስጥ የሚቀረው ዘይት በጣም ጥቂት ይሆናል።

ይህ ውህደት የሚጀምርበት ዝቅተኛ ግፊት ለእያንዳንዱ ዘይት የተለያየ በመሆኑ በቤተ ሙከራ ይለካል። በአሸዋ የተሞላ ረጅምና ቀጭን የተጠቀለለ ቱቦ ከመስኩ በመጣ ዘይት ይሞላና፣ በመስኩ ሙቀት ላይ ሆኖ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይገባበታል። የሚወጣው ዘይት 90 በመቶ ገደማ ደርሶ ከዚያ በላይ ግፊት ቢጨመር ብዙም የማይለወጥበት ነጥብ የሚፈለገው ግፊት ነው። ሙቀት ሲጨምርና ዘይቱ ሲከብድ ይህ ግፊት ከፍ ይላል። ናይትሮጅንና ሚቴን በጋዙ ውስጥ መቀላቀላቸውም ከፍ ያደርገዋል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ግን ዝቅ ያደርገዋል። የጋዝ ጥራት በየውሉ ላይ በጥብቅ የሚጻፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላ ጋዝ ለምን አይመረጥም?

የተፈጥሮ ጋዝም ከዘይት ጋር ይዋሐዳል፤ ነገር ግን ራሱ የሚሸጥ ነዳጅ በመሆኑ ገበያ ባለበት ቦታ መልሶ መቅበሩ አያዋጣም። ናይትሮጅን በየትኛውም ቦታ ከአየር ሊለይ ይችላል፤ ሆኖም ከዘይት ጋር ለመዋሐድ የሚጠይቀው ግፊት እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ግፊትን ለማቆየት ነው፤ ሜክሲኮ በካንታሬል መስክ ከ2000 ጀምሮ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ያልተለየ አየር ደግሞ ኦክስጅን ስለያዘ ለቃጠሎና ለዝገት ያጋልጣል።

ዘዴው መቼና የት ተጀመረ?

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለዘይት ማውጫነት የመጠቀም ሐሳብ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1952 ነው። በንግድ ደረጃ በትልቁ የተሠራበት የመጀመሪያው ቦታ ግን በምዕራብ ቴክሳስ የሚገኘው፣ በ1948 የተገኘው የኬሊ ስናይደር መስክ ነው፤ ሳክሮክ በተባለው ክፍሉ ጋዙ መግባት የጀመረው በጥር 1972 ነበር። መስኩ ወደ 2,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ውሃ ሲገባበት ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ሥራው ዛሬም ቀጥሏል።

ስለዚህ ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ጋዙ የመጣው በደቡብ በኩል በቫል ቨርዴ አካባቢ ካሉ የተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያዎች ሲሆን፣ እነዚህ ማጣሪያዎች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከሚሸጡት ጋዝ ለይተው ወደ አየር ይለቁት ነበር። ስለዚህ ከኢንዱስትሪ የሚወጣን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ፣ በረጅም ቧንቧ አጓጉዞ መሬት ውስጥ ማስገባት፣ የአየር ንብረት ጉዳይ አጀንዳ ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት በተግባር የታየ ሥራ ነው።

ለማንኛውም ያረጀ መስክ ይሆናል?

አይሆንም። መስኩ የውህደቱን ግፊት ዓለቱን ሳይሰነጥቅ መሸከም የሚችልበት ጥልቀት ሊኖረው፣ ዘይቱም ቀለል ያለ ሊሆን ይገባል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ቀላል መሆኑን በሚያሳየው በኤፒአይ መለኪያ ከ25 ዲግሪ ገደማ በላይ የሆነ ዘይት በአብዛኛው ተመራጭ ነው። ከላይ የከደነው ዓለት ጋዝ የማያሳልፍ መሆን አለበት፤ በውስጡም ጋዙን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው በቀጥታ የሚወስድ ትልቅ ስንጥቅ ሊኖር አይገባም።

በእኔ አመለካከት ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ የመስኩ ታሪክ ነው። ውሃ ሲገባበት በእኩል የታጠበና ጥሩ ምርት የሰጠ መስክ ለካርቦን ዳይኦክሳይድም ጥሩ እጩ ነው፤ ውሃው በጥቂት ወራት ውስጥ አቋርጦ ወደ ማምረቻ ጉድጓዶች የደረሰበት መስክ ግን፣ ከውሃ ይልቅ እጅግ ቀጭን የሆነው ጋዝ ሲገባበት ይብሳል። ውሃ ለምን እንዳልሠራ ሳይመረመር «ውሃ አልሠራም፣ ጋዝ እንሞክር» ብሎ መነሣት ውድ ስሕተት ነው።

ዘይቱ ከባድ ከሆነ ወይም ግፊቱ ካልደረሰስ?

ሙሉ ውህደት ባይኖርም ማበጡና መቅጠኑ ይቀራል ማለት አይደለም፤ ጥቅሙ ያንሳል እንጂ። በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ የሚገኘው የባቲ ራማን መስክ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ዘይቱ እጅግ ከባድና ዝልግልግ በመሆኑ በራሱ ግፊት ሊወጣ የቻለው በቦታው ከነበረው ከ2 በመቶ በታች ነበር። ከ1986 ጀምሮ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከዶዳን የጋዝ መስክ በቧንቧ የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ምርቱ በግልጽ አድጓል፤ ነገር ግን የመስኩ ስንጥቆች ጋዙን በአቋራጭ እየወሰዱት መሐንዲሶቹን ለዓመታት አስቸግረዋል።

ውሃና ጋዝ እየተፈራረቁ የሚገቡት ለምንድን ነው?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዘይቱ ይልቅ ቀጭን ስለሆነ በእኩል ግንባር አይገፋም። ቀላሉን መንገድ መርጦ እንደ ጣት እየሾለ ወደፊት ይዘልቃል፤ ከዘይቱና ከውሃው ስለሚቀልም ወደ ዓለቱ የላይኛው ክፍል ይወጣል። አንዴ መንገድ ከፈተ ደግሞ በኋላ የሚገባው ጋዝ ሁሉ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ከላይ ሁለተኛ ብለን የጠቀስነው ችግር ይህ ነው።

ውሃ በየተወሰነ ጊዜ ጣልቃ ሲገባ ጋዙ የከፈታቸውን መንገዶች በከፊል ይዘጋል፣ ከጀርባ ያለውን ግፊት ያስተካክላል፤ ቀጣዩ ጋዝም ያልተነካ ዓለት እንዲፈልግ ያስገድደዋል። የውሃውና የጋዙ መጠን ከመስክ መስክ ይለያያል፤ በአንዱ መስክ ውስጥም በጊዜ ይለወጣል፦ ብዙ ጊዜ ሥራው በብዙ ጋዝ ይጀምርና ጋዙ ወደ ማምረቻ ጉድጓዶች መድረስ ሲጀምር የውሃው ድርሻ ይጨምራል። ውሃ ከበዛ ግን ዘይቱን ከጋዙ ስለሚጋርደው ውህደቱን ይከላከላል። ሚዛኑን የሚወስነው ቀመር ሳይሆን የየጉድጓዱን ምርት በየቀኑ የሚከታተል ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አረፋ የሚፈጥሩ ኬሚካሎችን በውሃው ላይ በመጨመር ጋዙን ለማዘግየትም ይሞከራል።

ምን ያህል ተጨማሪ ዘይት ይገኛል? ውጤቱስ መቼ ይታያል?

በጥሩ መስክ ላይ ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆን፣ በቦታው ከነበረው ጠቅላላ ዘይት የሚሰላ ተጨማሪ ምርት የተለመደ ግምት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም አንድ ቢሊዮን በርሜል ለነበረው መስክ ከ50 እስከ 150 ሚሊዮን በርሜል ማለት ነው፤ ያውም ጉድጓዱ፣ መንገዱና ቧንቧው አስቀድሞ በተሠራበት ቦታ። ምርቱ ወዲያው አይነሣም፤ በመጀመሪያ የወረደው ግፊት መመለስ አለበት፤ ከዚያም የተከማቸው ዘይት ወደ ጉድጓዱ እስኪደርስ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይወስዳል።

በዓለም ደረጃ ሲታይ ዘዴው ሰፊ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ2018 ባወጣው ግምት በዚህ መንገድ የሚገኘው ዘይት በቀን 500,000 በርሜል ገደማ ነበር፤ ይህም ዓለም በቀን ከሚጠቀመው 100 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። አብዛኛውም የሚመረተው በአሜሪካ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከየት ይመጣል?

ብዙዎች ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ ተይዞ የመጣ ይመስላቸዋል። በአሜሪካ ግን ለዚህ ሥራ የሚውለው አብዛኛው ጋዝ ለሚሊዮኖች ዓመታት በተፈጥሮ መሬት ውስጥ ታምቆ ከኖረ ክምችት ተቆፍሮ የሚወጣ ነው። በኮሎራዶ ማክኤልሞ ዶም፣ በኒው ሜክሲኮ ብራቮ ዶም፣ በሚሲሲፒ ደግሞ ጃክሰን ዶም የታወቁት ናቸው። ከማክኤልሞ ዶም ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቴክሳስ የሚደርሰው የኮርቴዝ ቧንቧ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ሥራ የጀመረውም በ1984 ነው።

ከኢንዱስትሪ የሚያዘው ጋዝ ድርሻ እያደገ ነው። የካናዳው የዌይበርን መስክ ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ካለ፣ የድንጋይ ከሰልን ወደ ጋዝ ከሚለውጥ ፋብሪካ በ320 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ ጋዝ ሲወስድ ቆይቷል፤ ከ2014 ወዲህ ደግሞ ከባውንደሪ ዳም የድንጋይ ከሰል የኃይል ማመንጫ የተያዘ ጋዝም ይቀበላል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2015 በኡስማኒያ አካባቢ፣ አቡ ዳቢ በ2016 ከብረታ ብረት ፋብሪካ በሚያዝ ጋዝ ሥራ ጀምረዋል። በብራዚል የሳንቶስ ተፋሰስ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ባሕር ላይ፣ ከዘይቱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው በመርከብ ላይ ተለይቶ ወደ ዓለቱ ይመለሳል።

የምንጩ ዓይነት ወጪውን ይወስናል። ከተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ፣ ከአሞኒያና ከኢታኖል ፋብሪካ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ንጹሕ የተጠጋ ስለሆነ ማድረቅና ማመቅ ይበቃዋል። ከድንጋይ ከሰል ማመንጫ ጭስ ውስጥ ግን ድርሻው ከ15 በመቶ ያነሰ ነው፤ በጋዝ ከሚሠራ ተርባይን ጭስ ውስጥ ከዚያም በጣም ያንሳል። ይህን ለመለየት ብዙ ሙቀትና ኬሚካል ያስፈልጋል።

የገባው ጋዝ ከዘይቱ ጋር ተመልሶ አይወጣም?

ይወጣል። በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2005 ባቀረበው ልዩ ሪፖርት፣ ከሚገባው ጋዝ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ከዘይቱ ጋር ተመልሶ እንደሚወጣ ገልጿል። ነገር ግን ጋዙ በገንዘብ የተገዛ በመሆኑ አይለቀቅም፤ ተለይቶ፣ ታምቆ እንደገና ይገባል። በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነው መጠን በቀረው ዘይትና በውሃ ውስጥ ሟሙቶ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎችም ተይዞ ይቀራል፤ በመጨረሻም ከተገዛው ጋዝ አብዛኛው በመሬት ውስጥ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ቁጥሮች ይምታታሉ፦ ወደ መሬት የገባው ጠቅላላ መጠንና ከውጭ አዲስ የመጣው መጠን። አንድ ቶን ጋዝ ሦስት ጊዜ ቢዞር በጠቅላላው ስሌት ሦስት ቶን ይሆናል፤ የተቀበረው ግን ከአንድ ቶን አይበልጥም። አንድ ዘገባ «ይህን ያህል ሚሊዮን ቶን አስገብተናል» ሲል የትኛውን እንደሚቆጥር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቧንቧዎቹና ጉድጓዶቹ አይዝጉም?

ደረቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተራ ብረትን አይበላም፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግን ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ዋናው ቧንቧ ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ በጥብቅ ይወገዳል፤ ውሃና ጋዝ በሚፈራረቁባቸው ጉድጓዶች ደግሞ የማይዝግ ብረት፣ ውስጡ በፕላስቲክ ወይም በፋይበርግላስ የተለበጠ ቱቦ፣ የዝገት መከላከያ ኬሚካልም ይሠራባቸዋል። ጋዙ ቀላሉን የዘይት ክፍል ሲስብ ከባዱ አስፋልት መሰል ክፍል ተለይቶ በመዝቀጥ ቀዳዳዎችንና ቱቦዎችን ሊዘጋ ይችላል፤ ይህ ችግር በየመስኩ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት።

ጋዙ ቢያመልጥ ምን አደጋ ያስከትላል?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይቀጣጠልም፤ ነገር ግን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚከብድ ነፋስ ከሌለ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፤ ኦክስጅንን ገፍቶም ሰውን ያፍናል። በየካቲት 22 ቀን 2020 በሚሲሲፒ ግዛት ሳታርሺያ አቅራቢያ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቧንቧ ፈነዳ። 200 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ወጡ፤ 45 ሰዎች ወደ ሕክምና ሄዱ። ሰው አልሞተም፤ ግን ጋዙ በሸፈነው ቦታ መኪኖች በኦክስጅን እጦት ቆመው ነበርና መሸሽ እንኳ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ በቧንቧው መንገድ ላይ የሚኖር ሕዝብና የአካባቢው የአደጋ ሠራተኛ ምን እንደሚያልፍባቸውና ቢፈነዳ ወደየት እንደሚሸሽ አስቀድሞ ማወቅ መብታቸው ነው።

ከመሬት በታች ያለው ጋዝ ወደ ላይ የማምለጡ ዕድል በአብዛኛው የሚመጣው በክዳን ዓለቱ በኩል አይደለም፤ ክዳኑ ዘይቱን ለሚሊዮኖች ዓመታት ይዞ የኖረ ነውና። አሳሳቢዎቹ የድሮ ጉድጓዶች ናቸው። ያረጀ መስክ በብዙ ቦታ የተበሳ መሬት ነው፤ አንዳንዶቹ ጉድጓዶች ከዛሬው መመዘኛ በፊት በደካማ ሲሚንቶ የተደፈኑ፣ አንዳንዶቹም በመዝገብ የማይገኙ ናቸው። ጋዝ ከመግባቱ በፊት እነርሱን ፈልጎ ማግኘትና እንደገና መድፈን ከሥራው ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ያስከትላል?

ሊያስከትል ይችላል፤ ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። በቴክሳስ የኮግደል መስክ ጋዝ በብዛት መግባት ከጀመረ በኋላ፣ ከ2006 እስከ 2011 ድረስ ከ3 በላይ የሆኑ በርካታ ንዝረቶች ተመዝግበዋል፤ ትልቁ በመስከረም 2011 የደረሰውና 4.4 የተለካው ነበር። በ2013 የታተመ ጥናት ንዝረቶቹን ከጋዙ መግባት ጋር አያይዟቸዋል። አስገራሚው ነገር በቅርብ ርቀት ያለው የኬሊ ስናይደር መስክ ተመሳሳይ መጠን ያለው ጋዝ እየተቀበለ እንዲህ ያለ ንዝረት አለማሳየቱ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በአካባቢው ያለ የከርሰ ምድር ዓለት ስብራት ለመንሸራተት የቀረበ መሆኑና ግፊቱ የሚደርሰው መሆኑ እንደሆነ ይታመናል፤ ስለዚህ የአንዱን መስክ ልምድ ለሌላው ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ አይቻልም።

አዋጭነቱን የሚወስነው ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት የዘይት ዋጋ፣ ቀጥሎም የጋዙ ዋጋ። በምዕራብ ቴክሳስ ብዙ የጋዝ ውሎች ራሳቸው ከዘይት ዋጋ ጋር የተያያዙ ናቸው። የፔትራ ኖቫ ታሪክ ጉዳዩን በደንብ ያሳያል፦ በቴክሳስ ከድንጋይ ከሰል ማመንጫ ጋዝ ይዞ ወደ ዌስት ራንች መስክ የሚልከው ይህ ተቋም በ2017 ሥራ ጀመረ፤ የዘይት ዋጋ በወደቀበት በ2020 ቆመ፤ በ2023 እንደገና ተነሣ። ጋዝ የመያዙ ሥራ ገቢው ሙሉ በሙሉ በዘይት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ዘይት ሲረክስ ማመንጫው ጭሱን ወደ አየር ወደ መልቀቅ ይመለሳል።

የመንግሥት ድጋፍም ከባድ ሚና አለው። በአሜሪካ የታክስ ሕግ አንቀጽ 45 ኪው የተባለው ድንጋጌ ከ2008 ጀምሮ ለሚቀበር ለእያንዳንዱ ቶን የታክስ ቅናሽ ይሰጣል። በ2022 በተሻሻለው ሕግ፣ መስፈርቱን ላሟሉ ተቋማት፣ ለቋሚ ማከማቻ 85 ዶላር፣ ለዘይት ማውጫ ግን 60 ዶላር ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ ሁለቱን እኩል 85 ዶላር አድርጓቸዋል። ይህን ለውጥ የሚደግፉት አሉ። እኔ ግን ከዘይት ሽያጭ ገቢ ያለውንና ምንም ገቢ የሌለውን በእኩል መደገፍ የማከማቻውን ወገን ያደክማል እላለሁ።

ታዲያ ለአየር ንብረት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

መልሱ በሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው። የመጀመሪያው የጋዙ ምንጭ ነው። ከተፈጥሮ ክምችት የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ፣ አስቀድሞም መሬት ውስጥ የነበረን ነገር ከአንድ ቦታ አውጥቶ በሌላ ቦታ መቅበር ነው፤ ለከባቢ አየር የሚያተርፈው ምንም የለም፤ በላዩ ላይ የወጣው ዘይት ደግሞ ይቃጠላል።

ጋዙ ከፋብሪካ የተያዘ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። አንድ በርሜል ዘይት ሲቃጠል 430 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ማውጣቱ፣ ማጓጓዙና ማጣራቱ ሲታከልበት ከዚያ ይበልጣል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በአሜሪካ ልምድ ለአንድ በርሜል የሚገባውን ከ300 እስከ 600 ኪሎ ግራም ያደርሰዋል። ስለዚህ ብዙ ጋዝ በሚጠቀም መስክ የተቀበረው ከተቃጠለው ሊስተካከል ወይም ሊበልጥ ይችላል፤ ጋዝ በሚቆጥብ መስክ ግን አይደርስበትም። ገዢው ጋዝ በገንዘብ ስለሚገዛ ፍላጎቱ በትንሽ ጋዝ ብዙ ዘይት ማውጣት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ የተቀበረውን ቶን ማን ይቆጥረዋል የሚለው ነው። የኃይል ማመንጫው «ኤሌክትሪኬ ንጹሕ ነው» ብሎ፣ የነዳጅ ኩባንያው ደግሞ በዚያው ቶን «ዘይቴ ንጹሕ ነው» ካለ፣ አንዱ ቶን ሁለት ጊዜ ተሸጧል። ሦስተኛው ከሁሉም አከራካሪው ነው፦ አዲሱ በርሜል በገበያ ላይ ሌላ በርሜል ይተካል ወይስ ይጨመራል? ሙሉ በሙሉ የሚተካ ከሆነ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ የሚጨመር ከሆነ ግን ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። በገበያ ሕግ እውነቱ በመካከል ስለሚሆን፣ «ካርቦን የለሽ ዘይት» የሚለው አነጋገር ምንጩን፣ አዲስ የገባውን መጠንና የቆጠራውን ድንበር አብሮ ካልገለጸ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ዘይቱ ሲያልቅ መስኩ በቀጥታ ወደ ካርቦን ማከማቻነት ሊዞር ይችላል?

በሥነ ምድር ረገድ ይችላል፤ ዓለቱ ተጠንቷል፣ ክዳኑ ተፈትኗል፣ ቧንቧውም ደርሷል። ችግሩ ሁለቱ ሥራዎች የሚፈልጉት የተለያየ መሆኑ ነው። ዘይት አውጪ የገባውንና የወጣውን አመጣጥኖ ግፊቱን ይይዛል፤ አከማቺ ግን የሚያወጣው ነገር ስለሌለ ግፊቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል፤ ክትትሉም ሥራው ካበቃ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት መቀጠል አለበት። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለዘይት ማውጫ ጉድጓዶች የሁለተኛ ምድብ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለቋሚ ማከማቻ በ2010 ያቋቋመው የስድስተኛ ምድብ ፈቃድ በግንባታ፣ በክትትልና በገንዘብ ዋስትና ረገድ እጅግ የጠበቀ ነው። በሁለተኛው ምድብ የተቆፈረ ጉድጓድ ወደ ስድስተኛው ለመዛወር አዲሱን መመዘኛ ማሟላቱን ማሳየት ይጠበቅበታል።

በመካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት በ2019 የወጣው አይኤስኦ 27916 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በዘይት ማውጣት ሂደት ውስጥ ተቀብሮ የሚቀረው ጋዝ እንዴት እንደሚለካና እንደሚመዘገብ ይደነግጋል። የካናዳው ዌይበርን ከ2000 እስከ 2012 በተካሄደበት ሰፊ የምርምር ክትትል ምክንያት በዚህ ረገድ ከሁሉ የተሻለ መረጃ አለው፤ ጋዙ ከመግባቱ በፊት የአፈሩና የውሃው ኬሚስትሪ ተለክቶ መቀመጡ፣ በኋላ ጋዝ አመለጠ የሚል ጥያቄ በ2011 በተነሣ ጊዜ ከተፈጥሮ የአፈር ጋዝ ለመለየት ረድቷል። መስኩን ወደ ማከማቻነት ለማዞር የሚያስብ ሁሉ ይህን የመነሻ ልኬት ማድረግ ያለበት የመጀመሪያው ቶን ከመግባቱ በፊት ነው፤ በኋላ ሊተካ አይችልምና።